አስተናግርን የሚሰውር እጅ

በአዊ፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፣ የባህል መድኃኒት አዋቂዎች ከሚመሰገኑበት ሁሉ የሚበልጥብኝ ዝምታቸው ነው። አስተናግርን እንውሰድ። አበባው እንደ ጥሩምባ የተከፈተ፣ ቆሻሻ በተደፋበት ሁሉ የሚበቅል ተክል ነው። እሾህ የለበሰው ፍሬው ደርቆ አራት ቦታ ሲሰነጠቅ ጥቋቁር ዘሮቹ ይታያሉ። እነሱን የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፤ ከበዛበትም ይሞታል። የዚሁ ዘር ጭስ ለጥርስ ሕመም ይታዘዛል። እንግዲህ መጠኑን የሚያውቅ ሰው ለመጣ ለሄደው አለመንገሩን ንፍገት ይሉታል፤ እኔ ግን ጥንቃቄ እለዋለሁ።

ምስጢር እውቀትን ከባለቤቱ ጋር ይቀብራል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት፣ ሴቶች በግላጭ ወንዝ ወርደው ልብስ ያጥቡበት ስለነበር ነው። እንዶድን ግን ሰው የሚፈልገው ለልብሱ ነው፤ አስተናግርን ክፉ ያሰበ ሰው ለጎረቤቱ ጽዋ ሊፈልገው ይችላል። ስለዚህ የሚሻለው ምስጢሩን ገበያ ማውጣት ሳይሆን የታመኑ ጠባቂዎችን ማብዛት ነው። ደብተራዎች የዕፀዋቱን ነገር «ዕፀ ደብዳቤ» በሚባለው ጽሑፍ ከትበው ለተማሪ አቆይተዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየምም ዕፀዋትን አድርቆ፣ ወረቀት ላይ ለጥፎ ለተመራማሪ ያኖራል። በታመነ እጅ ሲገባማ፣ በአስተናግር ውስጥ ያለው አትሮፒን ዛሬ በተለካ መጠን ተወግቶ፣ በፀረ ተባይ መርዝ ተመርዞ ሆስፒታል የደረሰን ገበሬ ነፍስ ያተርፋል።