«ተወሰነ» ያለው ማነው?

የደርግ ባለሥልጣናት የጻፏቸውን መጻሕፍት ርዕሳቸውን ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። የመንግሥቱ ኃይለማርያም «ትግላችን» (2004 ዓ.ም.)፣ የፍቅረሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» (2006 ዓ.ም.)፣ የፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» (2008 ዓ.ም.)። አንዱ አገሪቱን የመራ፣ አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አንዱ ምክትል ፕሬዚዳንት። ከሦስቱ ሁለቱ ገና ሽፋኑ ላይ «እኛ» ብለው ይጀምራሉ።

ገዝቶ ማንበብ ራሱ ነውር ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልስማማም። ከ1983 በኋላ ለተወለድን ሰዎች ደርግ ማለት ወይ ቤት ውስጥ የማይነሳ ወሬ ነው፣ ወይ በዓመት አንዴ የሚታይ ዶክመንተሪ። ስብሰባው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ራሱን ለራሱ እንዴት እንደሚያስረዳ ማወቅ ከፈለግን ከእነዚህ የተሻለ ምንጭ የለንም። ግን እንዴት ይነበቡ?

እኔ ግሱን ነው የማየው። አማርኛ «ተ» የምትባል ተአምረኛ ፊደል አለችው። «ወሰንን» የነበረው «ተወሰነ» ይሆናል፤ «ገደልናቸው» የነበረው «ተገደሉ»። ሰውየው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ሄዷል፣ ሰዋስዉ ግን ምንም አልጎደለበትም። ደርግ ይህንን እስከ ጥግ ሄዶበታል። «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» የሚለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ እርምጃ አለ፣ የተራመደ የለም። «ነፃ እርምጃ» ደግሞ ይባስ፣ ግሱንም አያስፈልገውም።

መፈተኛ ገጽ ከፈለጋችሁ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊትን ፈልጉ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ የነበሩበት ወደ 60 የሚጠጋ እስረኛ ያለ ፍርድ ተረሸነ። ጄኔራል አማን አንዶምም ያኔውኑ ቤታቸው ተከበው ሞቱ። የሦስቱም መጻሕፍት ጸሐፊዎች በጊዜው የደርግ አባላት ናቸው። ጉባኤው እንደወሰነ ማንም ይነግራችኋል፤ የጸሐፊው እጅ የት ነበር የሚለውን ግን እናንተ ናችሁ ከመስመሮቹ መሃል የምትፈልጉት። «እኛ» ሲዋጋና ሲያሸንፍ ሰፊ ነው፣ ሁሉንም ያቅፋል። መግደል ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ወስኖ ማንም ያልወሰነበት ክፍል ይሆናል።

በኛ ሙያ ጊት ላይ «ብሌም» የሚባል ትእዛዝ አለ። ፋይሉን ስትሰጡት እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ያሳያችኋል። ስሙ ክፉ ነው እንጂ ሥራው ክስ አይደለም። መስመሩ ባለቤት ካለው ሄዳችሁ «ለምን?» ትሉታላችሁ። ባለቤት ከሌለው ግን ስሕተቱ እንዳለ ይቀመጣል፣ ሌላው ደግሞ ኮፒ ያደርገዋል። «እርምጃ ተወሰደ» ዛሬም ዜና ላይ አለ። ማንን ትጠይቁታላችሁ?

እኔን ስለዚህ ጉዳይ የበለጠ ያስተማረኝ ግን ሥልጣን ያልያዘች ሴት መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ በአማርኛ «ማማ በሰማይ» የተባለው የሕይወት ተፈራ ትዝታ። ገና ተማሪ ሳለች ኢሕአፓን ተቀላቀለች፤ ደርግም አሰራት። እስከዚህ ድረስ የትውልዱ ታሪክ ነው፤ ብዙዎች ጽፈውታል። ልዩነቱ የምትወደውን ጌታቸው ማሩን የገደለው ደርግ ሳይሆን የራሷ ድርጅት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ «ትግሉ የጠየቀው መሥዋዕትነት» ምናምን ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። እሷ አላለፈችም። ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን ያንን ድርጅት ያመነችውን ልጅ ራሷን ትጠይቃለች። «እኔ» ብሎ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የገባኝ ያኔ ነው።

አንድ ቅሬታ ለአሳታሚዎች፦ ብዙዎቹ የአማርኛ ትዝታ መጻሕፍት የስም ማውጫ የላቸውም። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ስካን ደግሞ ሰርች አይደረግም። ማውጫ ቢኖር አክሊሉ ሀብተወልድ የሚለውን ስም በሦስቱም መጻሕፍት ከፍቶ፣ አንዱ የዘለለውን ሌላው ጽፎት እንደሆነ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። አሁን የሳምንታት ሥራ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይሠራውም።

አራተኛ መጽሐፍ አጠገባቸው አስቀምጡ፤ «የአክሊሉ ማስታወሻ»ን። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ እስር ላይ ሆነው ለመርማሪ ኮሚሽኑ የጻፉት ነው። ራሳቸውን ይከላከላሉ፣ እሱንም በጥርጣሬ አንብቡት። ግን በስማቸው፣ ይጠይቃል ላሉት አካል መልስ እየሰጡ ነው። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14 ደረሰ።