ሳይጮኹ መጠራራት

ሮቤና ጎባ ላይ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ራውተሩ አብሮ አይጠፋም። መብራቶቹ ይበራሉ፣ ስልኩም ከዋይፋዩ እንደተገናኘ ይቆያል፤ ከግቢው ውጭ ያለው ዓለም ብቻ ነው መልስ የሚነሳው። እንዲህ ባለ ሰዓት የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መምህር ቤቱ ተቀምጦ የፈተና ወረቀት ሊያትም ስልኩ ላይ «ፕሪንት» ቢል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ፕሪንተር ስሙን ይዞ ይመጣለታል። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር አልተጠየቀም። ይህን የሠሩ እጆች ምን ያህል እንደተጨነቁበት ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ።

መሠረቱን የጣሉት የአፕል መሐንዲሶች ናቸው። ቴክኖሎጂው እ.ኤ.አ. በ2002 ከማክ ኦኤስ ኤክስ 10.2 ጋር ወጣ፤ በ2005 ቦንጁር ተባለ። ስቱዋርት ቼሻየርና ማርክ ክሮችማል የጻፏቸው ደንቦች፣ አርኤፍሲ 6762 እና 6763፣ በየካቲት 2013 ታተሙ። ሊኑክስ ላይ ያንኑ ሥራ የሚሠራው አቫሂ ነው።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ፕሪንተር የሚፈልግ መሣሪያ ጥያቄውን 224.0.0.251 ወደተባለ የጋራ አድራሻ፣ በ5353 ቁጥር በር (ፖርት) ይልካል። ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ይሰማል፤ የሚመለከተው ይመልሳል። ግን ሁሉም በየደቂቃው ቢጠያየቅና ቢመላለስ ዋይፋዩ በጫጫታ ይሞላል። ጥበቡ ያለው ይህን ጫጫታ በከለከሉበት መንገድ ላይ ነው።

ስም አያያዙን እንይ። አዲስ የበራ ፕሪንተር የወደደውን ስም ዘሎ አይይዝም። እስከ 250 ሚሊሰከንድ ድረስ በዕጣ የወጣለትን ያህል ይጠብቃል፤ ከዚያ በየ250 ሚሊሰከንዱ ሦስት ጊዜ «ይህን ስም የያዘ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ዝም ከተባለ ስሙን ይይዝና ያስታውቃል፤ የቀደመው ካለ ሌላ ስም ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜም መጨረሻው ላይ 2 ይጨምራል። ያ በዕጣ የሚወሰን ጥበቃ ለምን ተጨመረ? ብዙ መሣሪያዎች ባንድ ጊዜ ኃይል ያገኙ እንደሆነ እንዳይጋጩ ነው፤ ደንቡ ራሱ ምክንያቱን እንዲህ ይገልጻል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ፣ ቴሌቪዥኑና ፕሪንተሩ ባንድ ቅጽበት የሚነሡበትን ቤት የሚያውቅ ሰው ይህችን መስመር ሳያደንቅ አያልፍም። እንዲያም ሆኖ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ስም እኩል ቢጠይቁ እንኳ ማን እንደሚያሸንፍ ተወስኗል፦ መረጃቸው በፊደል ተራ ይነጻጸራል፣ ኋላ የሚመጣው ይቀድማል፣ የተሸነፈው አንድ ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ይሞክራል። ዳኛ የለም፤ ጠብም የለም።

ከሁሉ የምወደው ግን ሌላ ነው። ጠያቂው ሲጠይቅ ቀድሞ የሚያውቃቸውን መልሶች ጥያቄው ላይ አብሮ ይልካል። ስማቸው የተጠቀሰው ዝም ይላሉ፣ አዲሱ ብቻ ይናገራል። ቡና ያፈላች እናት የመጡትን ጎረቤቶች አይታ፣ ልጇን ወደቀሩት ብቻ እንደምትልከው ነው። የሚጠፋው መሣሪያ ደግሞ በወግ ከተዘጋ ተሰናብቶ ይሄዳል፦ የመረጃው ዕድሜ ዜሮ መሆኑን ያስታውቃል። መብራት ድንገት ሄዶበት ሳይሰናበት ከቀረስ? የተናገረው ሁሉ ዕድሜ ተቆርጦለታል፤ የአድራሻው መረጃ 120 ሰከንድ፣ የአገልግሎቱ ዝርዝር 75 ደቂቃ። ካልታደሰ በራሱ ይረሳል።

ቤቱ ቅይጥ ሲሆን ጥቂት እጅ ይፈልጋል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በኤርፕሪንት፣ አንድሮይድ ከስሪት 8 ወዲህ አብሮት በሚመጣ አገልግሎት ፕሪንተር ያገኛሉ። ዊንዶውስ ለረጅም ጊዜ የራሱን ሌላ መንገድ ይዞ ቆይቶ በዊንዶውስ 10 ይህንንም ተምሯል። በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ፕሪንተርም አይጣልም፤ ሊኑክስ ካለው ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ከፕስ (CUPS) በተባለው የማተሚያ ፕሮግራም ማጋራት ነው። አቫሂ ስሙን ለቤቱ ሁሉ ይናገርለታል።

ፕሪንተሩ አልታይ ካለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ላይ ነው። ጥሪው ሆን ተብሎ ከአንድ ኔትወርክ እንዳይወጣ ተደርጓል፤ ከሮቤ ጎባ ይቅርና ራውተር ተሻግሮ እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለ ሌላ ኔትወርክም አያልፍም። ለእኔ ይህ ጉድለት ሳይሆን ልክን ማወቅ ነው፤ የቤት ወሬ እቤት ይቀራል። ስለዚህ ስልኩ በእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆነ፣ ወይም መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርገው ሴቲንግ ከበራ፣ ጥያቄው ፕሪንተሩ ጋ አይደርስም። ዋናው ቤት አንድ፣ ሰርቪስ ቤቱ ሌላ ራውተር ባለበት ግቢም እንደዚያው ነው። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር አድራሻ ማደሉን እንዲያቆም ማድረግ፣ ከዚያም ከመጀመሪያው የመጣውን ገመድ ለኢንተርኔት በተለየው ቀዳዳ ሳይሆን ከሌሎቹ ቀዳዳዎች በአንዱ መሰካት ነው። ያኔ ሁለቱ አንድ ኔትወርክ ይሆናሉ፣ ሰርቪስ ቤት የሚያጠናው ተማሪም ዋናው ቤት ባለው ፕሪንተር ከስልኩ ያትማል።