ቃል የተገባለት ሚስኪን ማንን ይጠይቅ?

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



አንድ መንግሥት ለድሆች ገንዘብ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ከገባ በኋላ «ትቼዋለሁ» ሲል ሕዝቡ ምን ይላል? ምንስ ማለት ይገባዋል? ይህን ጥያቄ በዚህ ወር ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 የሆነውን ነገር ላስተዋለ ሙስሊም ብዙ የሚማርበት ጉዳይ አለበት። ናይጄሪያ የሼኽ ዑስማን ዳን ፎዲዮ አገር ናት፤ በአህጉራችን እጅግ ብዙ ሙስሊም ከሚኖርባቸው አገሮችም አንዷ ናት። የዚያ ሕዝብ ችግር ለእኛ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ ሜይ 29 ቀን 2023 ሥልጣን በያዙበት ዕለት የነዳጅ ድጎማ ማብቃቱን ተናገሩ። በሊትር 190 ናይራ ገደማ ይሸጥ የነበረው ቤንዚን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 500 ናይራ ተጠጋ፤ በጁላይ አጋማሽ በዋና ከተማዋ በአቡጃ 617 ናይራ ገባ። ቤንዚን ሲወደድ የታክሲ ዋጋ ይወደዳል፤ የታክሲ ዋጋ ሲወደድ ደግሞ ገበያው ሁሉ አብሮ ይወጣል። ጁላይ 13 ቀን በምክር ቤቱ የተነበበው የፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ከዓለም ባንክ 800 ሚሊዮን ዶላር ለመበደር ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር። ብድሩም ለ12 ሚሊዮን ድሃ ቤተሰቦች በየወሩ 8,000 ናይራ ለስድስት ወር ለመስጠት እንደሚውል ተገለጸ። ወዲያው ከየአቅጣጫው ጩኸት ተነሳ። በአምስተኛው ቀን፣ ጁላይ 18፣ ዕቅዱ እንደገና እንዲመረመር ፕሬዚዳንቱ ማዘዛቸውን ጽሕፈት ቤታቸው አስታወቀ። ያ 8,000 ናይራም በዚያው ቀረ።

አሁን የሕዝቡን አቀባበል እንመርምር።

የመጀመሪያው ድምፅ የንቀት ድምፅ ነበር። «8,000 ናይራ ምን ይሠራል?» ተባለ። ሒሳቡን ብንሠራው ተናጋሪዎቹ አልተሳሳቱም። በጊዜው ምንዛሪ 10 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ቢከፋፈለው ለአንድ ሰው በወር 1,600 ናይራ፣ በቀን 53 ናይራ ያህል ይደርሰዋል። በድሮው ዋጋ 42 ሊትር ቤንዚን የሚገዛው ይህ ገንዘብ በአዲሱ ዋጋ 13 ሊትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። በዚያው ሰሞን በጸደቀው ተጨማሪ በጀት ውስጥ ለብሔራዊ ምክር ቤቱ አባላት የሥራ ሁኔታ ማሻሻያ ተብሎ 70 ቢሊዮን ናይራ መያዙ ሲሰማ ደግሞ ቁጣው ነደደ። ድሃው በብድር እየተሰፈረለት የተመረጠው ሰው ከበጀት ሲቆረጥለት ማየት ማንንም ያንገበግባል።

ሁለተኛው ድምፅ የጥርጣሬ ነበር። «ተቀባዮቹ እነማን ናቸው? ስማቸውስ የት ተጻፈ?» የሚል። ይህም ከባዶ አልተነሳም። ጁላይ 20 ቀን በምክትል ፕሬዚዳንቱ በካሺም ሸቲማ ሰብሳቢነት የተቀመጡት የየግዛቱ ገዢዎች ራሳቸው የድሆቹ ብሔራዊ መዝገብ እምነት የሚጣልበት አይደለም ወደሚል ሐሳብ ደረሱ፤ ግዛቶቹ የየራሳቸውን መዝገብ እንዲያዘጋጁም ተባለ። እስቲ አስቡት! በመጀመሪያ ገንዘቡ ለ12 ሚሊዮን ቤተሰብ ይሰጣል ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የቤተሰቦቹ ዝርዝር የማይታመን ሆኖ ተገኘ። እህሉን ሳይሰፍር እንግዳ የጠራ ሰው ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ድምፅስ? ውድ አንባቢዬ፣ እኔ በእጅጉ ያሳሰበኝ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም አልተሰማም። በዚያ ክርክር ውስጥ ጎልቶ የተሰማው የጋዜጠኛው፣ የፖለቲከኛው፣ የሠራተኛ ማኅበሩና የከተሜው ድምፅ ነው። በገጠር ማሽላዋን አጥታ ልጆቿን ይዛ የተቀመጠችው ባል የሞተባት ሴት «8,000 ናይራ ትንሽ ነው፣ ይቅር» አለች ወይ? ማን ጠየቃት? ትንሽን ገንዘብ መናቅ ለጠገበ ሰው ቀላል ነው። ለእርሷ ግን ያ ገንዘብ የጥቂት ቀናት ዱቄት ነበር። ስለ ድሃው የተቆረቆሩት ሰዎች ጩኸት ያስገኘው የመጀመሪያ ውጤት የድሃው ስጦታ መቅረት ሆነ። «ይጨመርለት» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ይቅርበት» ማለት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በአንድ ጩኸት ውስጥ ሲቀላቀሉ መንግሥት የሚሰማው የሚቀለውን ነው።

ይህን ስንል መንግሥቱን ነጻ ማውጣታችን አይደለም። በዲናችን ቃል ዕዳ ነው። ቃል ኪዳን በአላህ ፊት እንደሚያስጠይቅ በሱረቱል ኢስራእ ተነግሮናል፤ ቃልን ማፍረስንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሙናፊቅ ምልክቶች ቆጥረውታል። እርግጥ ነው፣ ስህተት ያለበትን ዕቅድ መልሶ መመርመር ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው ሳይመረምሩ ቃል መግባቱ ላይ ነው። ሀብታሙ ቃል የተገባለት ነገር ቢቀርበት ትርፉ ይቀንሳል፤ ሚስኪኑ ግን ተስፋውን ይዞ ከባለ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው አባቶቻችን የተረቱት ይህን ዐውቀው ነው። ላሟ ብትጠፋ የዱቤው ዕዳ አብሯት አይጠፋም።

የኋላው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ኦክቶበር 2023 ላይ ለ15 ሚሊዮን ቤተሰቦች በወር 25,000 ናይራ ለሦስት ወር ይሰጣል ተባለ። ገንዘቡ ጨመረ፤ ተናዳጆቹ ያሉት ደረሰ ማለት ይቻላል። ነገር ግን በጃንዋሪ 2024 ከ585 ሚሊዮን ናይራ በላይ ወደ አንድ ግለሰብ ሒሳብ እንዲገባ ታዟል በሚል የሚመለከታቸው ሚኒስትር ከሥራ ታገዱ፤ ሚኒስትሯ ጥፋት የለብኝም ቢሉም የማኅበራዊ ዕርዳታው ፕሮግራሞች ለምርመራ ቆሙ። በኋላ ክፍያው ቢቀጥልም ያን ጊዜ የጠበቀው ማን ነው? ያው መዝገቡ ላይ ያለው ድሃ ነው። የሹም ጥፋት ቢገኝ እንኳ የሚጾመው ድሃው መሆኑን ልብ በሉ።

ለመሆኑ እኛ ሙስሊሞች በዚህ ነገር ምን ምሳሌ አለን? ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) የተቀባዮችን ስም በዲዋን ያስመዘገቡ ሰው ናቸው። ስም ተጻፈ፤ ከዚያ ገንዘብ ታደለ። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። በመጀመሪያ ለሕፃናት ድርሻ የሚሰጠው ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት የመጡ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ ሕፃን ሲያለቅስ ሰሙ፤ ደጋግመው እናቲቱን ቢጠይቋት፣ ማንነታቸውን ሳታውቅ፣ ዑመር ጡት ለጣለ ካልሆነ ስለማይሰጥ ያለ ጊዜው እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። በሱብሒ ሰላት ላይ ለቅሶአቸው ንባባቸውን እስከመሸፈን ደረሰ ይባላል። ሲነጋም ለተወለደ ሕፃን ሁሉ ከልደቱ ጀምሮ ድርሻ እንዲጻፍለት አዘዙ። እርሳቸውም ደንባቸውን ሽረዋል፤ ነገር ግን የሻሩት የእናቲቱን ድምፅ ሰምተው ነው፣ የሻሩትም ለመጨመር ነው። የናይጄሪያው ውሳኔ የጎደለው ይህ ነው፤ የሰማው የጮኸውን እንጂ የሚቀበለውን አልነበረም።

ወገኖቼ! መንግሥትን መውቀስ ቀላል ስለሆነ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ስንቶቻችን ነን በረመዳን «ለዒድ ልብስ እገዛላችኋለሁ» ብለን ለየቲሙ ቃል ገብተን የረሳን? ስንቱ ነው በጀመዓ ፊት እጁን አንስቶ ለመድረሳው ቆርቆሮ ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ፣ ሰብሳቢው ቤቱ ሲመጣ «የለም በሉት» የሚል? ከዐረብ አገር ሆኖ «በሚቀጥለው ወር እልካለሁ» ያለው ልጅ ቃልም እናቱ ዘንድ እንደ ብር ተቆጥሮ ገበያ ይወጣበታል። መንግሥት የ12 ሚሊዮን ቤተሰብ ቃል ሲያፈርስ ዓለም ይሰማል፤ የእኛ ቃል ሲፈርስ የሚሰማው አንድ ልጅና ጌታው ብቻ ናቸው። ጌታው መስማቱ ግን አይበቃም ወይ?

አሰጣጣችንም ይታይ። በዚያችው ናይጄሪያ፣ በባውቺ ከተማ፣ በ2024 ረመዳን አንድ ባለሀብት ገንዘብ ሲያድሉ ሕዝቡ ተገፋፍቶ ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ። ሰጪው ለኸይር አስበው ነው፤ ዝርዝር የሌለው ስጦታ ግን ጉልበተኛውን ያስቀድማል፣ ደካማውን ያስረግጣል። በሱረቱል በቀራ እንደተገለጹት ዓይነት፣ ከመቆጠባቸው የተነሳ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚያደርጋቸው ችግረኞች ከሰልፉ ውስጥ አይገኙም። እነርሱን የሚያውቃቸው ጎረቤት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ይህን ቢያደርግ መልካም ነው። ዘካችንን ከማስላታችን በፊት ሳይሆን ካሰላን በኋላ ቃል እንግባ። በሰፈራችን ያሉትን ችግረኞች፣ ከእናቶች ጠይቀን፣ በስም እንወቅ፤ እናቶች የማን ምድጃ እንዳልነደደ ያውቃሉ። ገንዘቡን በአደባባይ ሳይሆን በየቤቱ እናድርስ። የማንችለውን «አልችልም» እንበል፤ እውነተኛ «አልችልም» ከሐሰተኛ «እሺ» ይሻላል። መንግሥትም የገባውን ቃል ሲያጥፍ ስንተች «ለድሃው ምን ተተካለት?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ሳንጠይቅ «ይቅር» ብለን ከጮህን ከድሃው እጅ ከነጠቁት ጋር መቆጠራችን ነው።

የተገባለትን ቃል ተነፍጎ ዝም ያለ ሚስኪን ዝምታው ረስቶ አይምሰለን። ሰው ዘንድ የሚከስበት ቦታ ያጣ ሰው ክሱን ወዴት እንደሚያቀርብ እናውቃለን፤ በእርሱና በጌታው መካከልም መጋረጃ የለም።

አላህ (ሱ.ወ) ቃላቸውን ከሚሞሉት፣ አማናቸውን ከሚጠብቁት ባሮቹ ያድርገን። የችግረኞችን እጅ ከሰው ደጅ ያክብርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።