ስለ ነፃ የምርምር መጽሔቶችና ስለ አንባቢያቸው

የምርምር መጽሔት በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ከተለቀቀ አንባቢው ይበዛል የሚለው አሳብ በመካከላችን እንደ ተረጋገጠ ነገር ተይዟል። እ.ኤ.አ. በ2019 የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር በብሔራዊው የዲጂታል ማኅደር ገብቶ ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ደንብ ባወጣ ጊዜ ብዙዎች ተደስተዋል፤ መደሰታቸውም ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ «አንባቢ» የሚባለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፊሊፕ ዴቪስና ባልደረቦቹ በ2008 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ይረዳናል። በአሜሪካ የፊዚዮሎጂ ማኅበር መጽሔቶች ከወጡት 1,619 ጽሑፎች 247ቱን በዕጣ መርጠው ለማንም ክፍት አደረጓቸው። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የክፍቶቹ ጎብኚዎች በ23 በመቶ በለጡ፤ በሌሎች ጽሑፎች መጠቀሳቸው ግን በመጀመሪያው ዓመት አልጨመረም። ሊቃውንቱ ቀድሞውንም በየቤተ መጻሕፍታቸው በኩል ያነቡ ስለ ነበር፣ አዲስ የመጣው አንባቢ ከክበባቸው ውጭ ያለው ሰው ነው ብዬ እገምታለሁ።

በእኛ አገር ግን ከክበቡ ውጭ ያለው ማን ነው? ይህን የምጽፈው በጉለሌ፣ ቀጨኔ ሆኜ ነው። እዚህ ጀበናና ምጣድ የሚሠሩ ሴቶች፣ ጥበብ የሚሸምኑ ወንዶች አሉ፤ ስለ ሙያቸውም ብዙ ተጽፏል። የአንዲቱ ሸክላ ሠሪ ልጅ ስለ እናቷ ሥራ የተጻፈውን በስልኳ ብትከፍት፣ የካርዱ ወጪ ሳይቆጠር፣ የምታገኘው በእንግሊዝኛ ነው። መጽሔቱ ይህችን ልጅ ምናልባት አንድ ጎብኚ ብሎ ይቆጥራታል!

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ1953 እስከ 1961 የወጣው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር መጽሔት የተማሪዎች ሥራ ነበር፤ ከየአገራቸው ሽማግሌ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሰሙትን በእንግሊዝኛ ጻፉት። ያን ጊዜ ቅጂውም ብርቅ ነበር፤ በ2002 እንደ ገና ታትሟል። ዛሬ የቅጂው ችግር እየቀለለ ሄዷል፤ የቋንቋው ግን እንዳለ ነው።

ስለዚህ ክፍት ነን የሚሉ መጽሔቶቻችን ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጋር ጥናቱ በተደረገበት ሕዝብ ቋንቋ የተጻፈ የግማሽ ገጽ አሳጥሮ ቢጠይቁ ይበጃል። አማርኛ የሙያ ቃል ያጥረዋል የሚሉ መምህራን አሉ። ስለ ጭቃው አቦካክና ስለ ምጣዱ አተኳኮስ የጻፈው ተመራማሪ ግን ቃሎቹን የተማረው ከሴቶቹ አፍ፣ በአማርኛ ነው፤ የቸገረው ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሳቸው ነው።