ሞቱን የማያውቀው ቄስ

ማርጋሬት ክሬቨን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን፣ «ጉጉቷ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ»ን፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ከ60 ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው። ሞትን እንዲህ ሳትፈራውና ሳታስጌጠው የጻፈችው ዕድሜ ባስተማራት እርጋታ ይመስለኛል።

የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ማርክ ብራያን ወጣት የአንግሊካን ቄስ ነው። የማይድን በሽታ ይዞታል፤ እሱ ግን አያውቅም። የሚያውቁት ጳጳሱ ናቸው። እንዲኖር እንጂ ሞቱን እንዲጠብቅ አልፈለጉምና በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጫካ ውስጥ ወዳለችው ወደ ኪንግካም መንደር፣ ወደ አገሬው ነባር ሕዝብ ይልኩታል። እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚገጥመው ሰምጦ የሞተ ሕፃን አስከሬን ነው፤ የቀብር ፈቃድ እየተጠበቀ ሳይቀበር ቆይቷል።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው የሳልሞኑ ክፍል ነው። ዓሣዋ ከባሕር ተነስታ ወደተወለደችበት ወንዝ ሽቅብ ትዋኛለች፤ ሰውነቷ ተገሽልጦ እንቁላሏን ትጥልና ትሞታለች። ኪታ የተባለችው የመንደሩ ልጅ ይህን አይታ ታዝናለች። ማርክ ግን የዓሣዋ ሕይወት ከዳር እስከ ዳር የጀግንነት ሕይወት እንደነበር ይነግራታል። ስለ ራሱም እየተናገረ መሆኑን አንባቢው ያውቃል፤ እሱ ገና አላወቀም።

በመንደሩ እምነት ጉጉት ስሙን ስትጠራ የሰማ ሰው ሞቱ ቀርቧል። ማርክም ይሰማል። የሚሞተው ግን በበሽታው ሳይሆን በናዳ ነው፤ የሚቀበረውም እንግዳ ሆኖ በመጣባት፣ ልጇ ባደረገችው መንደር ነው።

አጭር መጽሐፍ ነው። በተለይ የታመመ ሰው የምታስታምሙ፣ ፈልጋችሁ አንብቡት።