«ፎርማት» ስንል ምን ማለታችን ነው? የዊንዶውስ መጫኛ አንድ ገጽ ሲመረመር

ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ፣ ቫይረስ ገባበት ወይም አልነሳም አለ እንበል። የአብዛኞቻችን መፍትሔ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!» ጥገና ቤት ሄደን የምንለው ይህንኑ ነው። ባለሙያውም ቢበዛ «ዲ ላይ ያለው ይቆይ?» ብሎ ይጠይቀንና ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ አዲስ የሚመስል ማሽን ይዘን እንወጣለን።

በዚህ ጽሑፍ የምተቸው ጥገና ቤቱን አይደለም። የምተቸው ባለሙያውም ሆነ እናንተ ዊንዶውስን ከባዶ ስትጭኑ ፊታችሁ የሚመጣውን አንድ ገጽ ነው። «ዊንዶውስን የት መጫን ይፈልጋሉ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። ከሥሩ የዲስኮችና የፓርቲሽኖች ዝርዝር አለ፤ ከዝርዝሩ በታች ደግሞ «ሰርዝ»፣ «ፎርማት»፣ «አዲስ» የሚሉ በተኖች ተደርድረዋል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት መልኩ ብዙም ሳይለወጥ ቆይቷል።

ክሴ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ገጹ ለመመለስ የሚያስቸግር ውሳኔ ያስወስናችኋል፣ ለውሳኔው የሚያስፈልገውን መረጃ ግን በቅጡ አይሰጣችሁም። ቃላቱ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶችን ያሠራሉ። አንዱ ሰው ያልጠፋውን ነገር ጠፍቷል ብሎ ያምናል፤ ሌላው አይነካም ያለውን ነገር በአንድ ጠቅታ ያጣል።

ሦስት ሥራ፣ አንድ ስም

በንግግራችን «ፎርማት» የምንለው ነገር ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ ላይ የሚጠቀልል ነው።

ዲስኩን እንደ ሰፊ መሬት ቁጠሩት። ፓርቲሽን ማድረግ ማለት መሬቱን መሸንሸን ነው፤ ከዚህ እስከዚህ የዚህ፣ ከዚያ ወዲያ የዚያ ብሎ ወሰን ማስቀመጥ። ወሰኖቹ የሚመዘገቡት በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ባለች ትንሽ ሰንጠረዥ ነው። በ1983 ከአይቢኤም ፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣው ኤምቢአር የሚባለው አሠራር ለዚህ የመደበው 64 ባይት ብቻ ነው፤ እያንዳንዳቸው 16 ባይት የሚይዙ አራት መስመሮች፣ በቃ። ስለዚህ ከአራት በላይ ዋና ፓርቲሽን አይቻልም። የሴክተር ቁጥሮቹም በ32 ቢት ስለሚጻፉ፣ ሴክተሩ 512 ባይት ከሆነ ከ2.2 ቴራባይት ገደማ በላይ ያለው ቦታ ከካርታው ውጭ ይቀራል። ተተኪው ጂፒቲ ባለ 64 ቢት ቁጥሮች ይጠቀማል፣ በተለምዶ ለ128 ፓርቲሽኖች ቦታ አለው፣ የሰንጠረዡንም ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል።

ፎርማት ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። ከተሸነሸነው መሬት በአንዱ ላይ አዲስ መዝገብ ይከፈታል። የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠና የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ የሚነግረው ይህ መዝገብ ፋይል ሲስተም ይባላል። በዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቲኤፍኤስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ኤክስት4 የተለመደ ነው። ሦስተኛው ሥራ መጫኑ ራሱ ነው፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ፋይሎች ገልብጦ፣ ማሽኑ ሲነሳ እንዲያገኛቸው ማዘጋጀት።

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም «የነበረውን መረጃ ደምስስ» አይልም። የይዞታ ካርታው ተቀደደ ማለት ቤቱ ፈረሰ ማለት አይደለም።

ሰዓታችሁን ተመልከቱ

ይህን በራሳችሁ ስሌት ማረጋገጥ ትችላላችሁ። አንድ ሜካኒካል ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ያህል ይጽፋል እንበል። የ1 ቴራባይት ዲስክን እያንዳንዱን ቦታ በዜሮ ለመሙላት አንድ ትሪሊዮን ባይትን ለ150 ሚሊዮን ማካፈል ነው፤ መልሱ ወደ 6,667 ሰከንድ ይመጣል፣ ማለትም አንድ ሰዓት ከ51 ደቂቃ። በመጫኛው ገጽ ላይ «ፎርማት» የሚለውን ስትጫኑ ግን ሥራው በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል። ታዲያ ሰከንዶች ውስጥ ምን ተሠራ? አዲስ መዝገብ ተጻፈ፣ ሌላው ባለበት ተቀመጠ። ቦታው «ባዶ ነው» ተባለ እንጂ ባዶ አልተደረገም።

ከዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ «ፈጣን» የሚለውን ምልክት አንስታችሁ ሙሉ ፎርማት ብታደርጉ ነገሩ ይለያል፤ ከቪስታ ጀምሮ ሙሉ ፎርማት ፓርቲሽኑን በዜሮ ይሞላል። በኤክስፒ ዘመን ግን ሙሉውም ቢሆን የተበላሹ ሴክተሮችን ከመፈለግ አያልፍም ነበር። አንድ ቃል፣ በዘመን የተለያየ ትርጉም!

ውጤቱ ተራ የቃላት ክርክር አይደለም። በ2003 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ሲምሰን ጋርፊንከልና አቢ ሸላት 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮችን ገዝተው የመረመሩበትን ጥናት አሳተሙ። ከዲስኮቹ 129ኙ ይሠሩ ነበር፤ በትክክል ተጠርገው የተገኙት 12 ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች ወጡ። ከሻጮቹ ብዙዎቹ «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ብለው በሰላም የተኙ ሰዎች እንደነበሩ መገመት አይከብድም። ያገለገለ ላፕቶፕ እንደልብ በሚሸጥበትና በሚገዛበት አገራችን ይህ ጉዳይ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የመታወቂያ ፎቶ፣ የባንክ ሰነድ፣ የቤተሰብ ቪዲዮ አብሮ ይሸጣል።

ኤስኤስዲ ላይ ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፎርማት ሲደረግ «እነዚህ ቦታዎች አያስፈልጉም» የሚል ትሪም የተባለ ትእዛዝ ወደ ዲስኩ ይላካል፤ ዲስኩም በራሱ ጊዜ ያጸዳቸዋል። ስለዚህ በሃርድ ዲስክ ላይ በመልሶ ማግኛ ሶፍትዌር ሊድን ይችል የነበረ ፋይል እዚህ በአብዛኛው አይድንም። ገጹ ግን ሁለቱን ዲስኮች በአንድ ዓይነት መስመር፣ በአንድ ዓይነት በተን ነው የሚያሳያችሁ።

ገጹ የማይነግራችሁ

አሁን ዝርዝሩን እንየው። ዲስኮቹ «ድራይቭ 0»፣ «ድራይቭ 1» ተብለው ተጽፈዋል። የአምራቹ ስም የለም፣ የሞዴል ቁጥር የለም፣ የምታውቋቸው የ«ሲ» እና የ«ዲ» ፊደሎችም የሉም። ያላችሁ ፍንጭ መጠኑ ነው። እሱም ቢሆን «1 ቴራባይት» ብላችሁ የገዛችሁት ዲስክ 931 ጊጋባይት ሆኖ ይመጣል፤ አምራቹ በ1,000 ሲያበዛ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚያካፍል ነው። ከዚያ ምንነታቸው ያልተብራራ ትንንሽ ፓርቲሽኖች ይከተላሉ፤ ባለ 100 ሜጋባይቱ ማሽኑ የሚነሳበት፣ ባለ 16 ሜጋባይቱ ዊንዶውስ ለራሱ ያስቀመጠው።

አንድ የትምህርት ክፍል ባልደረባዬ በዚህ ዋጋ ከፍሏል። ላፕቶፑን ለአዲስ ጭነት ሲሰጥ የባክአፕ ዲስኩ እንደተሰካ ነበር። ጫኙ ትልቁን ዲስክ አየ፣ ያንን ሰረዘ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ መለኪያዎች ቅጂ የነበረው እዚያ ላይ ነው። ጫኙን ግድየለሽ ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን እንደ ኢንጂነር የምጠይቀው ሌላ ነው። «ድራይቭ 1» ከሚለው ጽሑፍ ውጭ ሊያስጠነቅቀው የሚችል ምን ነገር ነበረ?

ሌላው ከባድ ጉድለት የጊዜ ጉዳይ ነው። «ሰርዝ» ስትሉ አንድ አጠቃላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ «እሺ» ካላችሁ ሰንጠረዡ ወዲያው ይለወጣል። የዴቢያን መጫኛ ግን የምታዘጋጁትን ለውጥ ሁሉ በማስታወሻ ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩን አሳይቶ «ለውጦቹ ዲስኩ ላይ ይጻፉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀድሞ የተመረጠው መልስ «አይ» ነው። ዲስኮቹንም ከነሞዴል ስማቸው ያሳያል። ጂፓርትድ የተባለው መሣሪያም «ተግብር» እስክትሉት ድረስ ምንም አይነካም። ማለት መፍትሔው የታወቀ ነው፤ አዲስ ፈጠራ አይጠይቅም።

እውነቱን ለመናገር ሊኑክሶቹም ንጹሕ አይደሉም። «ኤስዲኤ» የሚለው የዲስክ ስም ለጀማሪ ከ«ድራይቭ 0» አይሻልም። የኡቡንቱ «ዲስኩን ደምስስና ጫን» የሚለው ምርጫም ዲስኩን ሙሉ በሙሉ በዜሮ አይሞላም፤ አዲስ ሰንጠረዥና አዲስ ፋይል ሲስተም ነው የሚጽፈው። የዊንዶውሱ ገጽም አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ያልተመደበውን ባዶ ቦታ መርጣችሁ «ቀጥል» ካላችሁ የሚያስፈልጉትን ፓርቲሽኖች ሁሉ ራሱ ያዘጋጃል። ለንጹሕ ጭነት ከዚህ የሚቀል መንገድ የለም።

የዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 እትም ገጹን ቀይሮታል። መጀመሪያ ላይ «ፋይሎችን ጨምሮ ሁሉም ነገር እንደሚጠፋ እስማማለሁ» የሚል ሳጥን ታመለክታላችሁ። ማስጠንቀቁ መልካም፤ ግን አባባሉ በሁለት በኩል ትክክል አይደለም። አንድ ፓርቲሽን ብቻ መርጣችሁ ከጫናችሁ ሌሎቹ አይነኩም፤ ሃርድ ዲስክ ላይ «ጠፋ» የተባለውም እንዳየነው ገና አልተደመሰሰም። ደግሞ ሁልጊዜ «ሁሉም ይጠፋል» የሚል ማስጠንቀቂያ፣ እውነት ሁሉም በሚጠፋበት ቀን ማንም አያነበውም።

«ዲ ላይ አስቀምጠው»

የእኛንም ልማድ ሳልነካ አላልፍም። ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ ዊንዶውስን ሲ ላይ፣ ፋይሎችን ዲ ላይ ማድረግ ምክንያት አለው፤ ዊንዶውስ ሲበላሽ ሲን ብቻ አድሶ መገላገል ይቻላል። ችግሩ ዲን እንደ ባክአፕ ስንቆጥረው ነው። ሲና ዲ በአንድ አካል ላይ የተሠመሩ ሁለት ሽንሽኖች ናቸው። ዲስኩ ከተበላሸ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ አብረው ይሄዳሉ። ወሰን ማስመር ሁለተኛ መሬት አይፈጥርም።

እስኪስተካከል ድረስ

ከመጫናችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ሁለት ሦስቱን ከፍታችሁ እንደሚሠሩ አረጋግጡ፣ ከዚያ ዲስኩን ንቀሉት። ከመጫኛው ፍላሽና ከምትጭኑበት ዲስክ በቀር ምንም አይሰካ። ለፓርቲሽኖቻችሁ ስም ስጧቸው፤ መጫኛው ፊደላቸውን ባያሳይም ስማቸውን ከቁጥሩ ጎን ያሳያል፣ «ቴሲስ» የሚል ስም ከ«ፓርቲሽን 4» በላይ ይናገራል። «ይህ ዲስክ ኤምቢአር ስለሆነ ዊንዶውስ ሊጫንበት አይችልም» ከተባላችሁም ወዲያው ለመሰረዝ አትቸኩሉ፤ ከ2017 የዊንዶውስ 10 ዝማኔ ጀምሮ ፋይሎች ሳይነኩ ወደ ጂፒቲ የሚቀይር ኤምቢአር2ጂፒቲ የተባለ መሣሪያ አብሮ ይመጣል። የስህተት መልእክቱ ይህን አለመጥቀሱ ራሱ ሌላ ትችት ነው። እሱንም ቢሆን ከባክአፕ በኋላ ተጠቀሙበት።

ማሽኑን የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ፎርማት አይበቃም። በዊንዶውስ «ሁሉንም አስወግድ» የሚለው ዳግም ማስጀመሪያ ውስጥ «መረጃውን አጽዳ» የሚለውን አብሩ፤ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይወስዳል፣ መውሰድም አለበት። ለኤስኤስዲ ከተቻለ አምራቹ ያዘጋጀውን የማጥፊያ መሣሪያ ተጠቀሙ።

ጥሩ መጫኛ ሦስት ነገር በግልጽ ቢናገር ይበቃው ነበር፦ ይህ የትኛው ዲስክ ነው? ላዩ ላይ ምን አለ? «እሺ» ካላችሁ በኋላ ምን መመለስ ይቻላል፣ ምንስ አይቻልም? ይህን ለመጻፍ አንድ ገጽ ይበቃል። እስከዚያው ግን ጥያቄዎቹን ለራሳችሁ መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው። ጥገና ቤት ሄዳችሁ «ፎርማት ይደረግልኝ» ስትሉም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፦ «የትኛው ዲስክ፣ የትኛው ፓርቲሽን?»