ማክሰኞ የምትቀረው ልጅ

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ሶሲዮሎጂ ሳስተምር በየዓመቱ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ አንድ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው፣ በአቅራቢያቸው ያለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስፈቅደው፣ ከኋላ ዴስክ ለሁለት ክፍለ ጊዜ ይቀመጣሉ፤ ያዩትን ብቻ ይጽፋሉ። ደብተሮቹ ተሰብስበው ሲመጡ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ቃል «ሰነፍ» ነው። ሙያውን ማስተማር የምጀምረው ይህን ቃል ከመሰረዝ ነው።

የአንዱ ተማሪ ደብተር እንዲህ ይላል፦ «ሦስተኛው ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ ያለችው ልጅ ሰነፍ ናት። አትከታተልም። ትቀራለችም አሉ።» አስጠራሁት።

«ስንፍናን በዓይንህ አየኸው?»

«መምህር፣ የክፍሉ አስተማሪም እንደዚያው ነው ያሉኝ።»

«እሳቸው ያሉትን፣ እሳቸው አሉ ብለህ ጻፍ። አንተ ምን አየህ?»

ዝም አለ። ተመልሶ እንዲቀመጥ ላክሁት። በሁለተኛው ጉዞ የጻፈው ሌላ ነበር፦ ሦስት ልጆች አንድ መጽሐፍ ይጋራሉ፤ መጽሐፉ የሚዘረጋው ከመሐለኛው ልጅ ፊት ነው፤ የግድግዳዋ ልጅ የምታየው በሰው ክንድ ላይ ተንጠራርታ ነው። አስተማሪዋ «አንብቡ» ሲሉ ልጅቷ የጓደኛዋን አፍ እያየች ትከተላለች። ስም መጥሪያውን አስፈቅዶ ሲያገላብጥ ደግሞ የልጅቷ መቅረት ሥርዓት እንዳለው አየ። የቀሪ ምልክቱ በየሳምንቱ ማክሰኞ ላይ ነው። ማክሰኞ የከተማዋ የገበያ ቀን ነው።

ወደ ቤቷ ሄዶ እናቷን «ልጅዎ ለምን ትቀራለች?» ሲላቸው «ኧረ አትቀርም የኔ ልጅ፤ አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ» ብለው መለሱት። ደብተር የያዘ እንግዳ «ለምን» ሲል ክስ ይመስላል፤ ሰውም ለክስ መከላከያ ይፈልጋል። ለተማሪዎቼ ሁሌም የምመክረው «ለምን»ን ትተው «እንዴት ዋላችሁ»ን እንዲጠይቁ ነው። ወደ እናቷ ሲመለስ «እማማ፣ ያለፈው ማክሰኞ እንዴት ነበር የዋላችሁት?» አላቸው። «ማክሰኞማ ገበያ አይደል! ጎህ ሳይቀድ ሽንኩርቴን ይዤ እወጣለሁ፤ ሕፃኑን እሷ ካልያዘችልኝ ማን ይይዝልኛል?» አሉት። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ልጆችን ሲከታተል የኖረው የያንግ ላይቭስ ጥናት ትልቁ ጉልበቱ ይኸው ይመስለኛል፦ እነዚያኑ ልጆች፣ እነዚያኑ ቤቶች ተመልሶ መጠየቅ።

በዚህ ሙያ ውስጥ የሚከብደው ግን ዘዴው አይደለም። የሚከብደው እኛ ራሳችን ያለፍን መሆናችን ነው። ስለ ወደቁት የሚጽፈው ሁልጊዜ ያለፈው ሰው ነው። ፒየር ቡርዲዩና ዣን ክሎድ ፓስሮን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት «ወራሾቹ» በተሰኘው መጽሐፍ የፈረንሳይን ዩኒቨርሲቲ ሲመረምሩ፣ የተማረ ቤተሰብ ልጅ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቋንቋና ልምድ ትምህርት ቤቱ እንደ ተፈጥሮ ተሰጥኦ እንደሚቆጥርለት አሳይተዋል። የእኔ ተማሪዎች ብዙዎቹ ወራሾች አይደሉም። የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘው፣ በኩራዝ አጥንተው የመጡ። ስለዚህ እምነታቸው ከወራሾቹም ይጠነክራል፦ «እኔ በኩራዝ አጥንቼ እዚህ ደርሻለሁ፤ እሷን ምን ያግዳታል?» ቁራሽ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ታሪክ ሁላችንንም አሳድጎናል፤ የምናስታውሰው ግን እስከ መጨረሻው የዘለቀውን ነው።

ድካማቸውን አላቃልልባቸውም፤ እውነት ነውና። የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው፦ «አንደኛ ክፍል አጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ ዛሬ የት ነው? እናንተ ስታጠኑ ውኃ የሚቀዳው ማን ነበር?» ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከሚጽፉት ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንዲት እህት ትወጣለች። ከእኔም ታሪክ ውስጥ አለች። እኔ ላጠና ስቀመጥ ማጀቱን የያዘችው እሷ ነበረች፤ ከስድስተኛ ክፍል አልዘለለችም። ለብዙ ዓመታት ያለፍኩት በጥረቴ ብቻ እንደሆነ አምኜ ኖሬያለሁ። ይህን ትምህርት በቅጡ የተማርኩት ያን እምነት የተውኩ ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ቁጥርም በሌላ ዓይን ይነበባል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በየቡና ቤቱ «የዘንድሮ ልጅ አያጠናም» ተባለ። ከዚያው ውጤት ጋር ግን ሌላ ቁጥር ወጥቶ ነበር፦ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ስንፍና ትምህርት ቤት መርጦ አይሰፍርም። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ልጆች በሙሉ ሲወድቁ፣ መመርመር ያለበት ግቢው ነው፤ መጽሐፉ፣ መምህሩ፣ መንገዱ፣ የማስተማሪያው ቋንቋ።

እንዲህም ሆኖ ልጆቹን የሁኔታ እስረኛ ብቻ አድርጎ መጻፍ ሌላ ስህተት ነው። እንግሊዛዊው ፖል ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናቱ የ12 የሠራተኛ ልጆችን ነገር የተረዳው አብሯቸው ውሎ፣ ራሳቸውን አዳምጦ ነው። ስለዚህ ተማሪዬን «ልጅቷንስ ጠየቅሃት?» አልኩት። አልጠየቀም ነበር።

ሄዶ ጠየቃት። ማክሰኞ መቅረት ይከብዳት እንደሆነ ሲጠይቃት የመለሰችው፦ «ማክሰኞ አይደለም የሚከብደኝ፤ ረቡዕ ነው። ምን እንደተማሩ አላውቅማ።»

ይህን ሊነግረኝ ቢሮዬ ሲመጣ የመጀመሪያውን ደብተሩን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ሰነፍ ናት፤ አትከታተልም» ካለበት ገጽ ራስጌ ላይ ቀን ተጽፏል። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

ያገኘውን ለአስተማሪዋም ወስዶ አሳያቸው። ከስልሳ በላይ ልጅ ባንድ ክፍል የሚይዙ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። ስም መጥሪያውን ተቀበሉት፤ የማክሰኞን ምልክቶች ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉና «በየሳምንቱ ምልክቱን የማደርገውኮ እኔው ነኝ» አሉት።